በአዲስ አበባ ዳርቻ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን

በአዲስ አበባ ዳርቻ የመንግሥት ሠራተኛ «ተሰናብተሃል» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። የሚፈራው ምደባን ነው። መዋቅር ሲቀየር የሥራ መደቦች ይታጠፋሉ፣ ሌሎች ይከፈታሉ፣ ነባሩ ሠራተኛም እንደ አዲስ ይወዳደራል። ስሙ ሰሌዳ ላይ ያልወጣ ተንሳፋፊ ይባላል። ደመወዙን እየወሰደ፣ ቦታ እስኪገኝለት ይጠብቃል።

ዳርቻው ደግሞ መዋቅር የማይረጋበት ሰፈር ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ሌሎችም በኦሮሚያ ክልል አዲስ በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። 12 ክፍለ ከተሞችም ተዋቀሩ። አዲስ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወንበር ይበዛል፣ ወንበሩን የሚሻውም አብሮ ይበዛል። የሸገር የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ አማርኛ ብቻ የሚችል ባለሙያ ቢሮው ከቤቱ አጠገብ ቢሆንም አይወዳደርም።

ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በፖለቲካ አመለካከት ሥራ ፈላጊን ለይቶ ማየትን ይከለክል ነበር። በተግባር ግን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች ተነስቶ 4 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ብዙዎቹ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በ2012 ብልጽግና ቢተካውም ልማዱ አብሮ አልፈረሰም። ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን አባልነት ብዙም አይጠየቅም። ቡድን መሪነት፣ የትምህርት ዕድልና ሹመት ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል። ባለጉዳይ ወረዳ ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል፣ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።

በጀት ሲጠብብም መጀመሪያ የሚቆመው ቅጥር ነው። ጡረታ የወጣው አይተካም፣ ሥራው ለቀሪው ይጨመርለታል። ቀጥሎ አበልና ሥልጠና ይቆረጣሉ። ትልቁ ቅነሳ ግን በደብዳቤ አይነገርም፤ የሚመጣው በኑሮ ውድነት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነና ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መንግሥት ደመወዝ ጨምሯል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በወረቀት ቀላል ጭማሪ አይደለም። የቤት ኪራይ የጠየቀ ግን ስሜቱን ያውቀዋል።

ብዙዎች ወደ ዳርቻ የወጡትም ለዚሁ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ንጋት ላይ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። በመታወቂያ በነፃ ስለሚያሳፍር እንደ ደመወዝ ጭማሪ ይቆጠራል። ማታ ደግሞ አንዳንዱ ራይድ ይሠራል፣ አንዳንዱ ልጆች ያስጠናል። የሌላው ሚስት ሱቅ ትከፍታለች።

በቅርብ ዓመታት ከታዩት ድንገተኛ ስንብቶች አንዱ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካው አዲስ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አዘዘ። የኮንትራት ሠራተኞች ስለነበሩ ተንሳፋፊ የመሆን ዕድል እንኳ አልነበራቸውም።