ዲፕ ሳይክል ባትሪ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ በቪዲዮ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ዲፕ ሳይክል ማለት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የምትጠቀሙበት ባትሪ ማለት ነው» አለ። ከሥሩ «ተባረክ» የሚል መዓት ነው። እኔ በዚያው ጠዋት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወርዶ የሞተ ባትሪ ከፈረስ ተጎታች ላይ እያወረድኩ ነበር። 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋጋውን ወገቤ ስለከፈለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥራዬ ኮሎራዶ ውስጥ የተጎታችና የካምፕ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። የፈረስ ተጎታች የምለው ከኋላ ፈረሶቹ የሚቆሙበት፣ ከፊት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሻወር ያለውን ነው። ፈረስ የሚጎትት ሐበሻ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ባትሪው ግን ያው ነው። ፉድ ትራክ ላላችሁም፣ አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር ለምታበሩም ይሠራል።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ሰው «ዲፕ» የሚለውን ይሰማና «ሳይክል» የሚለውን ይረሳል። ሳይክል ዙር ነው፤ ወርዶ መመለስ። መውረድማ ማንም ባትሪ ይወርዳል። ይሄኛው የተሠራው ብዙ ጊዜ ወርዶ ብዙ ጊዜ እንዲመለስ ነው፤ መላሽ ካገኘ።

የመኪና ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ የጉግስ ፈረስ ነው። ሞተሪኖውን ለማዞር ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ወዲያው ዲናሞው ይመግበዋል። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስና ብዙ ናቸው። ዲፕ ሳይክል ደግሞ አጋሰስ ነው። ፕሌቶቹ ወፋፍራም ናቸው። አይጋልብም፤ ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያውን ተሸክሞ ያድራል። የጉግሱን ፈረስ እህል ብትጭኑበት በጥቂት ጉዞ ይሰበራል። እዚህ ድረስ ሰውዬውም በትክክል ተናግሯል።

ግን አጋሰስ ነው ተብሎ እስኪወድቅ አይጫንም። ባትሪ ሲወርድ ፕሌቶቹን ሊድ ሰልፌት የሚባል ሽፋን ይለብሳቸዋል። ቶሎ ከተሞላ ሽፋኑ ይለቃል። ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ግን ሽፋኑ እየጠጠረ ይሄድና ቻርጀር የማያነሳው ይሆናል። ገጣባ ማለት ይሄ ነው። ጭነቱን አውርዳችሁ ያበላችሁት አጋሰስ ነገም ይነሳል። ገጣባው ላይ ደጋግማችሁ ከጫናችሁበት ግን መልኩ አጋሰስ ነው እንጂ ጀርባ የለውም። ሙሉ መስሎ አድሮ ማሞቂያው ሲነሳ የሚዘረር ባትሪ እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበት) ባትሪ 100 አምፒር ሰዓት ቢጻፍበት 50 ነው ብላችሁ ያዙት፤ አምፒር ሰዓት ማለት አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከዚያ ቢያልፍ አይሞትም። ልማድ ሲሆን ነው ዕድሜውን የሚበላው።

ሌላው የሰውዬው ንግግር ደግሞ «12 ቮልት ባትሪ 12 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው» የሚል ነው። ኧረ በጭራሽ! ውስጡ ስድስት ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ነው። ሙሉው 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 12.1 አካባቢ ግማሽ ነው። 12.0 ካያችሁ ከግማሽ በታች ናችሁ። ያውም ባትሪው ምንም ሳይሠራ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሲለካ ነው። ከቻርጀር እንደወረደ 13 ቢያሳይ አትመኑት።

የዚያ ወገቤን ያስከፈለኝ ባትሪ ባለቤት ባለአራት ፈረስ ተጎታች አለው። ቴስተሬን ስሰካ 11.4 አሳየኝ። «ስድስት ሰዓት ነድቼ ነው የመጣሁት፤ ፒክአፑ ሞልቶታል» አለኝ። ተጎታቹን ከፒክአፑ የሚያገናኘውን ባለሰባት ፒን መሰኪያ ከፍቼ የቻርጅ መስመሩን ለካሁ። ዜሮ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድ አምፒር አልገባም። ፊውዙን ቀይሬ፣ በጊዜያዊ ሌላ ባትሪ ሞከርኩት። ዲናሞው ጋ 14.2 የነበረው በዚያ ሁሉ ቀጭን ሽቦ አልፎ፣ ስምንት አምፒር ሲስብ፣ ኋላ የደረሰው 13.4 ሆኖ ነው። ይሄ አጋሰሱን ሳያቆሙ በእግረ መንገዱ ሳር እንደማስነጨት ነው። ከመራብ ያድናል፣ አያጠግብም። የመጨረሻዋ 20 በመቶ እንድትገባ 14.4 አካባቢ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ይህን የሚያደርገው ግድግዳ ላይ የሚሰካ ባለሦስት ደረጃ ቻርጀር ነው። የቆዩ ተጎታቾች ውስጥ ያለው ኮንቨርተር ብዙውን ጊዜ 13.6 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። (ኮንቨርተር ከ120 ቮልት 12 ያወጣል፤ ኢንቨርተር ግልባጩ ነው። እሱም ሌላ ራስ ምታት ነው።)

መጀመሪያ ማን አወረደው? «ጥቅምት ላይ ሳቆመው ሁሉን አጥፍቻለሁ» አለ። የጋዝ ጠቋሚውን ግን አላጠፋም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውማ። 0.1 አምፒር ቢበላ በቀን 2.4 አምፒር ሰዓት ነው። 80 አምፒር ሰዓት ያለውን ባትሪ በወር ከምናምን ቀን ባዶ ያደርጋል። የወረደ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ውሃ ስለሚበዛ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ቅርፊቱም ይሰነጠቃል። ሙሉው የኮሎራዶን ጥር ምንም ሳይሆን ያልፋል።

ባትሪውን ከሁሉም ነገር የሚለይ መቁረጫ ስዊች ግጠሙ እላለሁ፣ ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር። ተጎታቹ ከፒክአፑ ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚይዘው መሣሪያ በአንዳንድ ተጎታች ላይ ኃይል የሚወስደው ከዚሁ ከቤቱ ባትሪ ነው። የእሱ ሽቦ በስዊቹ እንዳያልፍ። ደግሞ የባትሪው ሳጥን ወደ ውጭ ይተንፍስ። ቻርጅ ላይ ያለ ሊድ አሲድ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከተጎታቹ የብረት አካል ጋር የሚያያዙትን የግራውንድ ሽቦዎችም እዩአቸው፤ የፈረስ ሽንት የማይበላው ብረት የለም።

መለያ ወረቀቱንም አትመኑ። «ማሪን፣ ዲፕ ሳይክል» ይልና በትልቁ የሚጽፈው በብርድ ስንት አምፒር እንደሚያስነሳ ነው። አምፒር ሰዓቱን ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ግማሹ ማስነሻ፣ ግማሹ ዲፕ ሳይክል ነው። በቅሎ ማለቴ ግን ለበቅሎ ስድብ ነው፤ እሷ ከሁለቱም ትጠነክራለች። የሚበረታ ከፈለጋችሁ ሁለት ባለ6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪ በተከታታይ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር) እሰሩ።

ፍትሃዊ ለመሆን፣ ሰውዬው ያለው ለሊቲየም ቢሆን ብዙም አልከራከረውም ነበር። እሱ አብዛኛውን ቢያወጡት አይጎዳም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ግን ይጎዳዋል፤ ያ ደግሞ እዚህ ግማሽ ዓመት ነው።

የደንበኛዬን ባትሪ አንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር ቻርጀር ላይ አሳደርኩት። ጠዋት 12.7 አሳየ። ማሞቂያውን ስከፍት በሃያ ደቂቃ 10.8 ገባ። አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሲመልስ ሱቁ ይዞበት የነበረውን የማስያዣ ገንዘብ ሰጠው። ከዚያ ባትሪ የተረፈው እሱ ነው።