የከተማ ርቀት ምንድን ነው? ለምንስ ጠጋ ጠጋ ማድረግ ይሻላል?

ሲቪላይዜሽን 6 በሚባለው የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም ላይ ሁለተኛዋን ከተማ የት ላድርጋት እያሉ ሴትለሩን (ከተማ የሚመሠርተውን ሰፋሪ) ብዙ ተርን (የጨዋታ ዙር) ማንከራተት የተለመደ ነው። እኔም ብዙ ተርን አቃጥዬበታለሁ። የከተማ ርቀት የሚባለው ይሄው ነው፦ በአንዷና በሌላዋ ከተማ መሃል ስንት ታይል (ካርታው የተከፋፈለበት ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ መሬት) ይቅር?

ሕጉ አጭር ነው። መሃላቸው ቢያንስ 3 ታይል መኖር አለበት፣ ስለዚህ አዲሷ ከተማ 4ኛው ላይ ማረፍ ትችላለች። ነዋሪዎቿ የሚሠሩት ደግሞ እስከ 3 ታይል ርቀት ባለው መሬት ላይ ብቻ ነው። ድንበሯ እስከ 5 ይሰፋል፣ ከ3 ያለፈውን ግን ነዋሪዎቿ አያርሱትም።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከተሞቹ መሬት እንዳይሻሙ ብሎ 7 ታይል ያራርቃቸዋል። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን ቁጥሩን እዩት። በ3 ታይል ክልል ውስጥ ከመሃሉ ሌላ 36 ታይል አለ፣ አንድ ታይል ደግሞ አንድ ነዋሪ ይፈልጋል። 10 ነዋሪ ያላት ከተማ 26ቱን አትነካቸውም ማለት ነው። ጎረቤቷ ብትወስድላት ምን ይጎድልባታል? ጥሩውን ታይል ደግሞ ሁለቱ ከተሞች እየተቀያየሩ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ትልቁ ጥቅም ግን ዲስትሪክት (እንደ ሳይንስ ላለ አንድ ሥራ የሚገነባ የከተማ ክፍል) ላይ ነው፣ እኔ ሐሳቤን የቀየርኩትም እሱን ካሰላሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዲስትሪክት በ1 ነዋሪ፣ ሁለተኛው በ4፣ ሦስተኛው በ7 ይፈቀዳል፣ ከዚያ በየ3 ነዋሪው አንድ ይጨመራል (አኳዳክትና ነይበርሁድ የሚባሉት ዲስትሪክቶች አይቆጠሩም)። 21 ነዋሪ ያላት አንድ ትልቅ ከተማ 7 ዲስትሪክት ታገኛለች። ያንኑ 21 ሰው ለሦስት ከተማ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ብታካፍሉት 9 ይሆናል። በዚያ ላይ በአንድ ከተማ ከአንድ ካምፓስ (የሳይንስ ዲስትሪክት) በላይ አይሠራም፣ ሦስት ከተማ ካላችሁ ግን ሦስት ካምፓስ አላችሁ፣ ሳይንሱ የሚሮጠው በዚህ ነው። ከተሞቹ ሲቀራረቡ ደግሞ የአንዷ ዲስትሪክት ከሌላዋ ጋር ጎን ለጎን ይገጥምና ሁለቱም ቦነስ ያገኛሉ።

በ2018 የወጣው ራይዝ ኤንድ ፎል የተባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ካላችሁ ሎያልቲም (ከተማ ለባለቤቷ ያላት ታማኝነት) አለ። የነዋሪ ተጽዕኖ እስከ 9 ታይል ይደርሳል፣ በራቀ ቁጥር ግን ይደክማል። ጠጋ ያሉ ከተሞች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ጠላት አጠገብ ብቻዋን የተጣለች ከተማ ግን ሳትወጋ ልታምፅ ትችላለች።

እኔ አዲሷን ከተማ 4ኛው ወይም 5ኛው ታይል ላይ ማሳረፍ እመርጣለሁ። ውሃ ካለ ግን ርቀቱን እረሳዋለሁ። ወንዝ ዳር ያለች ከተማ 5 ሃውዚንግ (ነዋሪዋ እስከ ስንት እንደሚያድግ የሚወስን የመኖሪያ ቦታ) ይዛ ትጀምራለች፣ ውሃ የሌላት 2 ብቻ፤ ስለዚህ ለወንዝ ሲባል አንድ ታይል ወዲያ ማለት አያስቆጭም።

ደግሞ አትዘግዩ። ሴትለር በሠራችሁ ቁጥር የሚቀጥለው ይወደዳል፣ ከሠራችው ከተማም 1 ነዋሪ ይቀንሳል። ዲስትሪክትም ቴክኖሎጂያችሁ ባደገ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ቦታውን ስታስይዙ ግን ዋጋው እዚያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ አዲስ ከተማ እንደመሠረታችሁ፣ ለመጨረስ ጊዜ ባይኖራችሁም፣ የመጀመሪያውን ዲስትሪክት ቦታ ያኔውኑ አስይዙ።