በጆሮ የሚጫወቱት ጌም፦ ስለ ስቴልዝ ጌሞች ድምፅና ሙዚቃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ጌም ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የእግር ኳስ ጌም ጩኸትና የተጫዋቾቹን ክርክር ነው። ጥግ ላይ ግን አንድ ሁለት ልጆች ሌላ ዓይነት ጌም ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጠባቂ ሳያያቸውና ሳይሰማቸው ግቢ ገብተው መውጣት ያለባቸውን፣ ስቴልዝ የሚባለውን። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቷል፤ ከስፒከሩ ዘፈን ይለቀቃል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ የእነዚህ ጌሞች ትልቁ ጥበብ ያለው ድምፃቸው ውስጥ ነውና። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ራሳቸው ጌም ለመሥራት ከሚሞክሩ ወጣቶች ጋር ስነጋገርም እየደጋገሙ የሚነሱ አመለካከቶች አሉ። አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«ድምፅ ማሳመሪያ ነው፤ ሥዕሉ ከታየ ይበቃል»

ይህን አመለካከት ከሥሩ የነቀለው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ቲፍ፦ ዘ ዳርክ ፕሮጀክት» ነው። የሠራው የአሜሪካው ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮስ ሲሆን፣ ድምፁን ያዘጋጀው ኤሪክ ብሮሲየስ ነበር። ተጫዋቹ ሌባ ነው። በብረት ወይም በሸክላ ንጣፍ ላይ ከሮጠ ጠባቂው ኮቴውን ይሰማል፤ በምንጣፍ ወይም በሣር ላይ ቀስ ብሎ ከተራመደ አይሰማም። ከቀስቶቹ መካከል ጠላት ለመምታት ሳይሆን፣ የሚረግጠውን ወለል ለስላሳ ለማድረግ ብቻ የሚወረወር አለ። እንግዲህ ወለሉ ከምን እንደተሠራ በጆሮው ያልለየ ሰው የት እንደሚረግጥ መወሰን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ስፕሊንተር ሴል፦ ኬኦስ ቲዮሪ» አንድ እርምጃ ጨመረ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ የሚያሰማው ድምፅና በአካባቢው ያለው ድምፅ ጎን ለጎን ይለካሉ። የእሱ ድምፅ ከአካባቢው ካልበለጠ ጠባቂው አይነቃም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር በሚቀጥለው ክፍል ማን ምን እንደሚል እንደማይሰማ ደሴ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጌሙ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ የአካባቢው ድምፅ ራሱ መደበቂያ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ማርክ ኦቭ ዘ ኒንጃ» ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ ስክሪኑ ላይ እየሰፋ እንደሚሄድ ክብ ይሥለዋል። ድምፁ የት ድረስ እንደሚደርስ ተጫዋቹ በዓይኑ ያያል፤ መስማት የሚቸገር ሰውም አይቶ መወሰን ይችላል። ማሳመሪያ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይደከምለትም ነበር።

«ዝምታ ማለት ድምፅ አለመኖር ነው»

ምንም ድምፅ የሌለበት ጌም ተጫዋቹን አያስፈራውም፤ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ደሴን በእኩለ ሌሊት ያዳመጠ ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የላላ ቆርቆሮ ጫፍ ያንቀጠቅጣል፤ አንድ ውሻ ይጮኻል፣ ከማዶ ሰፈር ሌላው ይመልሳል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀንስ ይሰማል፤ ራቅ ብሎ ጅብ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ «ጸጥታ» ብለን እንጠራዋለን።

በጌም ውስጥም ጸጥታ እንዲሁ ይገነባል። ከታች ያለማቋረጥ የሚዞሩ የድባብ ድምፆች አሉ። አንደኛው 47 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 61 ሰከንድ ከሆነ ሁለቱ እኩል ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ48 ደቂቃ ገደማ በኋላ ስለሆነ ጆሮ ድግግሞሹን አይደርስበትም። ከላያቸው ባልተወሰነ ሰዓት ነጠላ ድምፆች ጣል ጣል ይደረጋሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር፣ ጣል የሚደረገው ድምፅ ከአደጋ ምልክት ጋር እንዳይመሳሰል ነው። ያለ ምክንያት የእግር ኮቴ የሚመስል ድምፅ የሰማ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ጆሮውን አያምንም፤ ጆሮውን ያላመነ ደግሞ ጌሙን በዓይኑ ብቻ መጫወት ይጀምራል። ከመጨመር ይልቅ መቀነስ የሚበረታበት ጊዜም አለ፦ ሲጮኽ የቆየው ፌንጣ በድንገት ጸጥ ሲል ተጫዋቹ ማንም ሳያዘው ይቆማል።

«ራቅ ያለ ድምፅ ማለት ዝቅ ያለ ድምፅ ነው»

በከፊል እውነት ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ከርቀት ጋር ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይጠፋል፤ ወፍራሙ ይቆያል፤ ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣው ደግሞ በቀጥታ ከሚመጣው ይበልጣል። ግድግዳ በመካከል ካለ ንግግሩ ቃላቱ ሳይለዩ ጉምጉምታው ብቻ ያልፋል። በሩ ሲከፈት ቃላቱ ይመለሳሉ።

ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን በአካል ያገኘዋል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ በጠባብ መተላለፊያዎችና በዋሻዎች ይገናኛሉ። በአንድ መተላለፊያ ቆመው በሌላው የሚመጣ ሰው ቢናገር፣ ሰውየው በአለቱ ጀርባ በቅርብ ርቀት ላይ ቢሆንም ድምፁ የሚሰማዎት ከዋሻው አፍ በኩል ነው። አለቱን ሰንጥቆ አይመጣም፤ መንገዱን ተከትሎ ይመጣል። በ«ቲፍ» ውስጥም ድምፅ የሚጓዘው በቀጥታ መሥመር ሳይሆን በክፍሎቹና በበሮቹ በኩል ነው። ጌም የሚሠራ ወጣት ድምፁን ዝቅ በማድረግ ብቻ ካለፈው፣ ተጫዋቹ ጠባቂው ግድግዳው ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

«የሚያስጨንቅ ሙዚቃ ጮክ ያለና ፈጣን መሆን አለበት»

እንዲህ ያለው ሙዚቃ የሚያስፈልገው ከተያዙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሙዚቃው የመጀመሪያ ግዴታ ለኮቴ ቦታ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ግዴታ ደግሞ ዜና መንገር ነው፦ ጠባቂው አልነቃም፣ ጠርጥሯል፣ እየፈለገ ነው፣ አይቶሃል። ለዚህም ሙዚቃው በአንድ ፍጥነትና በአንድ ቅኝት በተለያየ ንብርብር ይቀዳል፤ ጥርጣሬው ሲጨምር አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ይከፈታል። የኬኦስ ቲዮሪን ሙዚቃ የሠራው አሞን ቶቢን ያደረገው ይህንኑ ነው። ሙዚቃ የጨዋታውን ሁኔታ ተከትሎ እንዲለዋወጥ የሚያደርግ ሥርዓት ከዚያም በፊት ነበር፤ ሉካስ አርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ ባለሙያዎች ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል አይሚዩዝ የተባለውን ያበጁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኮናሚው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ጠባቂ ሲያይዎት የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ እጅግ አጭር ነው፤ አንዴ የሰማው አይረሳውም።

«የወሎ ዜማ ለጌም አይሆንም»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ባቲና አምባሰል ቅኝት ብቻ አይደሉም፤ በመኪና የምንደርስባቸው የወሎ አገሮች ናቸው። እነዚህ ቅኝቶች ለስቴልዝ ጌም ይሆናሉ ብቻ ሳይሆን የተመቹ ናቸው። ምክንያቱን በኖታ ላሳይ።

አምባሰል በፒያኖ ሚዛን ከዶ ተነሥቶ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ጎን ለጎን ይመልከቷቸው። ሦስቱ ድምፆች አንድ ናቸው። የተለወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ሶል በግማሽ ድምፅ ወረደ፣ ላ ፍላት በግማሽ ድምፅ ወጣ።

አሁን ወደ ጌሙ እንውሰደው። ጠባቂው ባልነቃበት ጊዜ ማሲንቆው በአምባሰል ይሄዳል፤ ከሥሩ ዶ ሳይቋረጥ ተይዟል። ዶና ሶል ሲገናኙ መደላደል አለ። ጠባቂው አንገቱን ሲያዞር ማሲንቆው ከሶል ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ይንሸራተታል። ፍጥነቱ አልጨመረም፤ ከበሮ አልገባም፤ አዲስ መሣሪያ አልመጣም። ሆኖም ዶና ሶል ፍላት ኦክታቩን (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) እኩል ለሁለት የሚከፍሉ፣ ጆሮ ማረፊያ የሚያጣባቸው ጥንድ ናቸው። ተጫዋቹ ምን እንደተለወጠ መናገር አይችልም፤ እጁ ግን ይቆማል። ጠባቂው ፊቱን ሲመልስ ሶል ይመለሳል። ይህን ያህል ትልቅ ለውጥ በዚህን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሀብት በእጃችን እያለ፣ ከኢንተርኔት የወረደ የሆረር ሙዚቃ መለጠፍ ያሳዝናል።

ማሲንቆውን ግን ከኪቦርድ አትውሰዱት። የሚጫወት ሰው ፈልጉ፣ ክፈሉት፣ ቅዱት። በሶልና በሶል ፍላት መካከል ያለው የጣት መንሸራተት የዚህ ሁሉ ነፍስ ነው፤ የፒያኖ ሚዛንም የማይዘው እሱን ነው። ሌላም አለ፦ መንዙማንና የላሊበላን ማሕሌት ለማስፈራሪያ አትጠቀሙባቸው። ሰዎች የሚጸልዩባቸው ድምፆች ናቸው፤ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በቦታቸውና በክብራቸው ካልሆነ አይገቡም።

«ጠባቂዎቹ የሚያወሩት ለጨዋታ ማድመቂያ ነው»

አይደለም። «ማነው?» ሲል ጠርጥሯል፤ «ማነህ አንተ! ቁም!» ሲል አይቷል፤ «አብሽር፣ ነፋስ ነው» ብሎ ለጓደኛው ሲመልስ ፍለጋው አብቅቷል። ተጫዋቹ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ምንም ሳያይ ሁሉንም ያውቃል። ስለዚህ ለየደረጃው የሚነገረው ቃል ከሌላው ደረጃ ጋር የማይምታታ፣ ለአንድ ደረጃ ደግሞ ብዙ ዓይነት መሆን አለበት። ታሪኩ ወሎ ውስጥ ከሆነ ጠባቂው እንደ ወሎ ሰው ይናገር፤ እንደ ዜና አንባቢ አይደለም።

«ጥሩ ድምፅ ያለ ስቱዲዮ አይቀዳም»

ኮቴ ለመቅዳት የሚያስፈልገው ወለል፣ ጫማና ትዕግሥት ነው። ዝናብ ያረፈበት ኮብልስቶን ላይ ማይክሮፎኑን ወደ ጉልበት ዝቅ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ መጀመሪያ ተረከዙ ይመታል፣ ወዲያው በጫማውና በድንጋዩ መካከል የገባው አሸዋ ሲፈጭ ይሰማል፣ እግሩ ሲነሣ ደግሞ ውኃው ቸክ ይላል። አንድ እርምጃ ሦስት ድምፅ ነው። ደረቅ ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ ቆርቆሮ፣ የእንጨት ደረጃ፣ ሁሉም የየራሳቸው አላቸው።

ለእያንዳንዱ ወለል ቀስ ብሎ፣ በመደበኛ እርምጃና በሩጫ በርካታ እርምጃዎችን ቅዱ። ጌሙ ውስጥ አንዱ እርምጃ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ፣ ቅጥነቱም በየጊዜው ትንሽ እንዲለዋወጥ አድርጉ። በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ጫጫታ የሚቀንሰውንና ድምፅ በራሱ የሚያስተካክለውን አገልግሎት ዝጉ፤ የምትፈልጉትን ድባብ የሚያጠፋው እሱ ነው። ነፋስ ካለ ማይክሮፎኑን ጸጉራም ጨርቅ አልብሱት። ወለሉን፣ ጫማውንና ፍጥነቱን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፤ ድምፆቹ ሲበዙ የጭዱንና የደረቅ ሣሩን ኮቴ በማዳመጥ ብቻ መለየት ይከብዳል።