የሐጅና የዑምራ ቪዛ፣ ፈቃድና የጉዞ ሰነዶች

ለሐጅ ወደ መካ የሚሄድ ሙስሊም ወደ ሳውዲ ዓረቢያ የሚያስገባው ቪዛ ብቻ አይበቃውም፤ ሥርዓቱን ለመፈጸም የሚያስችለው የሐጅ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ቪዛው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይታያል፤ ፈቃዱ ግን ወደ መካ በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ባሉ ኬላዎች እንደገና ይጠየቃል።

ሐጅ በእስልምና አቆጣጠር የመጨረሻ ወር በሆነው በዙልሒጃ ከ8 እስከ 13 ባሉት ጥቂት ቀናት መካ አጠገብ በሚገኙት በሚና፣ በአረፋና በሙዝደሊፋ የሚፈጸም በመሆኑ፣ የቦታውና የጊዜው ጥበት የተጓዡን ቁጥር መገደብ ግድ አድርጎታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የእስልምና ኮንፈረንስ ድርጅት አባል አገሮች በተስማሙበት ቀመር መሠረት፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሙስሊም 1,000 ተጓዦች ይመደባሉ። ሙስሊሙ በበዛባቸው እንደ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ባሉ አገሮች ተራ ጠባቂው አሥርት ዓመታትን ሊጠብቅ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮታ ካለው አገር የሚነሣ ሰው የሚመዘገበው በአገሩ የሐጅ አስተባባሪ አካል ወይም ፈቃድ ባለው አስጓዥ በኩል ሲሆን፣ ቪዛውም የሚሰጠው የማረፊያ፣ የመጓጓዣና የሚና ድንኳን ውል ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚሄዱ ተጓዦች ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀጥታ በኢንተርኔት ይመዘገባሉ፤ አገልግሎቱ ዛሬ የሚሰጠው ኑሱክ በተባለው መድረክ ነው።

የጉብኝት ወይም የቱሪስት ቪዛ ሐጅ ለማድረግ አያገለግልም። ይህ በግልጽ የተነገረ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ በርካሽ እናስገባችኋለን የሚሉ ደላሎች ዛሬም ገበያ አላጡም። ውጤቱ ከቅጣት በላይ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ተጓዥ ከሙቀት የሚያስጠልል ድንኳንም ሆነ አውቶቡስ አይመደብለትም። በ2024 እ.ኤ.አ. በተከሠተው ብርቱ ሙቀት ከሞቱት 1,301 ሰዎች ውስጥ 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው መሆኑን የሳውዲ መንግሥት አስታውቋል። በዚያው ዓመት ለሕጋዊ ተጓዦች የኑሱክ ካርድ መታደል ጀመረ፤ ካርዱ የባለቤቱን ማንነት፣ የጤና መረጃና ማረፊያ ስለሚይዝ፣ ፖሊስም ሆነ መንገድ የጠፋበትን አረጋዊ የሚረዳ በጎ ፈቃደኛ በቀላሉ ያነበዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ እስከ 20,000 ሪያል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጉብኝት ቪዛ ያወጣለት ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል ይቀጣል።

ትንሹ ሐጅ የሚባለው የመካ ጉብኝት፣ ዑምራ፣ ከዚህ በእጅጉ ይቀልላል። ከሐጅ ወቅት ውጭ ዓመቱን ሙሉ የሚፈጸም ሲሆን፣ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የቱሪስት ቪዛም ለዚሁ ይፈቅዳል። በመዲና በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ወደሚገኘው ረውዳ (በነቢዩ መቃብርና በሚንበሩ መካከል ወዳለው የተከበረ ቦታ) ለመግባት ግን ለብቻው ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የማጅራት ገትር ክትባት ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድና በምስክር ወረቀት መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ቢጫ ወባ ከሚያሰጋባቸው አገሮች የሚመጡም የዚያን ክትባት ማስረጃ ያቀርባሉ። ሴቶች ከመሕረም (ከባል ወይም ሊያገቡት ከማይፈቀድ የቅርብ ወንድ ዘመድ) ጋር እንዲጓዙ ያስገድድ የነበረው የቪዛ ቅድመ ሁኔታ በ2022 እ.ኤ.አ. መነሣቱን የሳውዲው የሐጅና ዑምራ ሚኒስትር ካይሮ ላይ ተናግረዋል።