እውነተኛ ወለድ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጫማ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። እቁብ ሲደርሳት ብሩን ባንክ አታሳድረውም፣ በማግስቱ ጫማ ታወርድበታለች። "ብር ተቀምጦ ያልቃል" ትላለች። እሷ እንዲህ የምትለው ነገር ስም አለው፣ እውነተኛ ወለድ ይባላል።

ባንክ ከሚከፍልህ ወለድ ላይ የዋጋ ንረቱን ስትቀንስ የሚቀረው ማለት ነው። 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ብታስቀምጥ በዓመቱ 107 ሺህ ይሆናል። ግን ዓምና በ100 ሺህ የምትገዛው ዕቃ ዘንድሮ 120 ሺህ ከገባ፣ ደብተርህ ላይ 7 ሺህ ተጨምሮልህም ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 13 ሺህ ጎደለህ። ከሰርክ። እኛ አገር ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያደገው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ደግሞ ንረቱ 37 በመቶ የደረሰበት ወር ነበር።

እቁብም ላይ ያው ነው። መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ብር ይወስዳሉ፣ እኩል ዕቃ ግን አይገዙም። የመጨረሻው ሰው ሌሎቹን ያለ ወለድ አበድሮ፣ ንረቱን ከሁሉም በላይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው።

እና ሰው ብር ይዞ መቀመጥ ካከሰረው ምን ያደርጋል? ይሸሻል። አቅም ያለው ቤት ይገዛል፣ ነጋዴው ዕቃ ያከማቻል፣ ሌላው ዶላር ይፈልጋል። ሁሉም ዶላር ሲፈልግ ዶላር ይወደዳል፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይወደዳል፣ ንረቱ ይብሳል፣ እውነተኛው ወለድ የበለጠ ይወርዳል፣ ሰውም እንደገና ይሸሻል። ወለድ፣ ንረትና ምንዛሪ የተያያዙት በዚህ ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ ጅቡቲ ቅርብ ናት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ፣ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ብር በዶላር ሲረክስ በፍራንክም በዚያው ልክ ይረክሳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ያኔ ብዙ ሰው የሁሉም ነገር ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልሆነም። ታይዋን ገበያ ያለው ብዙው ጫማ ድሮም በባንክ ዋጋ አልመጣም፣ በጥቁር ገበያ ዶላር ነው የመጣው፣ ዋጋውም አስቀድሞ ጨምሯል። ይበልጥ የተነካው በባንክ ምንዛሪ ይገባ የነበረው ነው።

በዚያው ወር ባንኩ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ጀመረ። ይሄ በብሔራዊ ባንኩና በባንኮቹ መካከል የሚሠራ ወለድ እንጂ ቆጣቢው እጅ የሚገባ አይደለም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ ባንኮቹ ራሳቸው የሚበደሩት ሲወደድ ለሰው የሚያበድሩትም ይወደዳል፣ ብድር ሲወደድ አስመጪው ተበድሮ ዶላር ለመግዛት ያመነታል፣ ገበያው ውስጥ የሚሽከረከረው ብርም ይቀንሳል። ሌላ አገር ወለድ ሲጨምር የውጭ ባለሀብት ትርፍ ፍለጋ ዶላሩን ይዞ ስለሚመጣ የአገሩ ገንዘብ ቶሎ ይጠነክራል። እኛ ጋ ያ በር ገና በሰፊው ስላልተከፈተ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ዋጋም ያስከፍላል። ባጃጅ በብድር ሊገዛ ያሰበ የሳቢያን ሰፈር ልጅ የሚጠብቀው ውድ ብድር ነው፣ እሱንም ካገኘ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ንረቱን ያመጣው እሱ አይደለም።

ጎረቤቴን ወለዱ ስንት ቢገባ ብርሽን ባንክ ታስቀምጫለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

"ጫማው በዓመት ከሚጨምረው ትንሽ ይብለጥ እንጂ፣ እኔ ምን አለብኝ" አለችኝ።