«ዋይድ» ሌንስ ምንድን ነው? ሳሎኑን የሚያስረዝመውስ ማን ነው?

ሰሞኑን ስለ ቤት ግብይት አስተያየት የሚሰጥ አንድ ሰው «በ0.5 የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ ማታለያ ነው፤ ዋይድ ሌንስ ቤት ይለጥጣል» ሲል ሰማሁ። 0.5 እና 1 የስልክ ካሜራ ስትከፍቱ የምትመርጧቸው ሌንሶች ናቸው፤ 0.5 ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው ዋይድ ነው። ይህን አባባል ደላላው ይለዋል፣ ገዢው ይለዋል፣ ዕድሜ ልኩን ካሜራ የተሸከመ የሙያ ባልደረባዬ ሳይቀር ይለዋል። ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን አንዲት ጀማሪ የሽያጭ ሠራተኛ በዚሁ ምክር ስትጎዳ በዓይኔ ስላየሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ልጅቷ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ትሸጣለች። ቪዲዮ መቅረጽ የጀመረችው በቅርቡ ነው። ደንበኞቿ ወይ ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው፣ ወይ መሃል ከተማ እየሠሩ ከተማው ዳር ድረስ ወጥተው ቤት የሚያዩበት ጊዜ የሌላቸው። አንድ ገዢ ቪዲዮዋን አይቶ መጣና ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ «እኔ ያየሁት ይህን አይደለም» አላት። ደነገጠች። የተባለችውን ሰምታ 0.5ን እርግፍ አድርጋ ተወችና ሁሉንም በ1 ቀረጸች። አዲሱ ቪዲዮ የግድግዳ ቁራጭ፣ የመስኮት ቁራጭ፣ የጣሪያ ቁራጭ ሆነ። ሌላ ገዢ ደውሎ «ወደ ኩሽና የሚገባው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ጋሼ፣ በአንዱ ውሸታም ተባልኩ፣ በሌላው ቤቱ ጠፋብኝ» አለችኝ።

ዋይድ ሌንስ ማለት ከአንድ ቦታ ሆኖ ሰፋ ያለ ማዕዘን የሚያይ ሌንስ ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ «መለጠጥ» የሚባል ነገር በውስጡ የለም። በብዙ ስልኮች 1 የሚባለው ሌንስ በፎቶግራፍ አቆጣጠር 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን 0.5 የሚባለው 13 አካባቢ ነው፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያየው ይሰፋል። ስለዚህ 0.5 በአግድምም በቁመትም እጥፍ ያህል ያሳያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣው አይፎን 11 ይህንኑ ሌንስ 120 ዲግሪ ብሎ ነበር ያስተዋወቀው።

ሌንስን እንደ መስኮት አስቡት። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቤት ውስጥ ቆማችኋል እንበል፤ በመስኮቱ የረር ተራራ ይታያል፣ ከፊቱ የጎረቤት ሮቶ አለ። መስኮቱ ጠባብ ከሆነ ተራራውንና ሮቶውን ብቻ ታያላችሁ። ግንበኛ ጠርታችሁ መስኮቱን እጥፍ ብታሰፉት ተራራው ይሸሻል? ሮቶው ያብጣል? ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው፤ የተጨመረው በግራና በቀኝ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያና ማሳ ነው። ሮቶውን ከተራራው አስበልጦ ያሳያችሁ የመስኮቱ ስፋት ሳይሆን እናንተ ለሮቶው መቅረባችሁ ነው። ሁለት ብሎክ ወደ ኋላ ሄዳችሁ በሌላ ቤት መስኮት ብታዩ ሮቶው ያንሳል፣ ተራራው ግን ያው ነው።

የቅርቡና የሩቁ ነገር መጠን የሚወሰነው በቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ ሁለት እኩል ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ከእናንተ በ1 ሜትር፣ ሌላው በ5 ሜትር ርቀት። የቅርቡ ከሩቁ 5 እጥፍ ትልቅ ሆኖ ይታያል። 1 ሜትር ወደ ኋላ አፈግፍጋችሁ በሩ ላይ ስትቆሙ ርቀቱ 2 እና 6 ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 3 እጥፍ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሌንስ የሚባል ቁጥር የለም።

ያላመነ ይሞክረው። ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ አንድ ጊዜ በ1፣ አንድ ጊዜ በ0.5 አንሱ። ከዚያ የ0.5ቱን ፎቶ በአግድምም በቁመትም ግማሽ መሃሉን ብቻ አስቀርታችሁ ቁረጡት። ከ1ዱ ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የሚለየው ጥራቱ ነው። (ሁለቱ ሌንሶች ስልኩ ላይ ትንሽ ስለሚራራቁ አፍንጫችሁ ሥር ያለ ዕቃ በጥቂቱ ይዛነፋል። ሙከራውንም በፎቶ አድርጉት፤ በቪዲዮ ጊዜ ብዙ ስልኮች መንቀጥቀጥ ለመቀነስ ሲሉ ጠርዙን ስለሚቆርጡ ልኩ አይገጥምም።)

አስተያየት ሰጪው እዚህ ላይ «ታዲያ ሳሎኑ ለምን ረዝሞ ታየ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ መልሱ ላይ ነው። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ያው አቋቋም ነው። 0.5 ሁሉንም ስለሚይዝላቸው ቀራጮች ወደ ዕቃው ይጠጋሉ። ልጅቷ ሳሎኑ መሃል ገብታ፣ ሶፋው ጉልበቷን ሊነካ እየደረሰ ነበር የቀረጸችው። የሶፋው ጫፍ ገዘፈ፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሸሸ። ያሸሸችው እግሯ ናት።

ሁለተኛውን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። ወደ መስኮቱ እንመለስ። ሰፊ መስኮት ሰፊ ሆኖ የሚያሳየው ተጠግተን ስናይበት ነው። አሁን ያንን መስኮት ነቅላችሁ፣ የሚያሳየውን ሁሉ እንደያዘ ወደ መዳፍ መጠን አሳንሳችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ስልክ ማለት ይህ ነው። ወደ ጎን የተያዘ ስልክ መስታወት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ0.5 የተቀረጸው ሳሎን በትክክለኛ ጥልቀቱ እንዲታይ ዓይናችን ከመስታወቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጠጋት ነበረበት፤ በ1 ለተቀረጸው ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እንዲህ አድርጎ ስልክ የሚያይ የለም፤ ሁላችንም 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አርቀን ነው የምንይዘው። ስለዚህ በ1 የተቀረጸውም ክፍል በመጠኑ ይረዝማል፤ 0.5 ይብሳል። «1 እውነተኛ፣ 0.5 ሐሰተኛ» የሚለው ክፍፍል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ ጠርዝ ላይ እውነተኛ መለጠጥ አለ። ክብ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሲውል እንቁላል ይመስላል፣ ሰው ይወፍራል። ሰፊ ማዕዘን በጠፍጣፋ ምስል ላይ ሲዘረጋ የሚመጣ ስለሆነ ሰውን ከጠርዝ ማራቅ ነው። ሌላው ደግሞ ብርሃን ነው፤ የብዙ ስልኮች 0.5 ሌንስ ከ1ዱ ያነሰ ብርሃን ስለሚያስገባ ጨለም ያለ ኮሪደር ውስጥ ምስሉ ይሻክራል። አምፖል አብርታችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ስልኩን በሰከንድ 25 ምስል ላይ አድርጉት። የእኛ አገር ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በ30 ሲቀረጽ ግድግዳው ላይ የሚሄድ ጥላ ያመጣል። ይህን ያነሳሁት የልጅቷ ኮሪደር ቪዲዮ በዚሁ ስለተበላሸ ነው።

ለእሷ ያልኳት ይህ ነው፦ 0.5ን አትተዪ፣ ወደ ኋላ ሂጂ። ጀርባሽን በሩ ጥግ ላይ ለጥፈሽ፣ ስልኩን ደረትሽ አካባቢ ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካጋደለ ግድግዳው ይዘማል። ስትራመጂ ከለመድሽው በግማሽ ቀስ በዪ፤ በ0.5 በጠርዝ በኩል ያለው ዕቃ እየሮጠ ያልፋልና ኮሪደሩን ያስረዝመዋል። ከሁሉም በላይ መለኪያ ስጪ። ወለሉ ላይ ያለው ሴራሚክ 60 በ60 ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተራመድሽ ቁጠሪው፤ ገዢው በጆሮው ይስማ፣ በዓይኑ ይቁጠር። ዓይን በጥልቀት ይሳሳታል፤ 7 ሴራሚክ ግን 4 ሜትር ከ20 ነው።

እንደገና ቀረጸችው። ሴራሚኩን ስትቆጥር ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ 5 ላይ ተሳስታ ከመጀመሪያው ጀምራለች፤ እንዳትቆርጠው ነገርኳት። ቪዲዮውን ካየው አንድ ውጭ አገር ያለ ገዢ የመጣላት ጥያቄ ስለ ሌንስ አልነበረም። «ሶፋዬ 3 ሜትር ከ20 ነው፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ 1 ሜትር ይተርፈኛል፤ የበረንዳው በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ?» ነበር ያላት።