የአልዩ አምባ ገበያና የሲራራ ነጋዴዎች ኑሮ

አልዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚወርድበት ገደላማ ስፍራ ያለች የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ እምብዛም አይነሳም። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ የሸዋ የውጭ ንግድ ዋና በር እሷ ነበረች። አርብ አርብ በሚቆመው ገበያ የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረር ነጋዴዎች ከደገኛው ጋር ይገናኙ ነበር።

ከባሕር ወደቧ ከታጁራ የተነሳ ሲራራ በረሃውን የሚያቋርጠው በግመል ነው። የሸዋ ጠረፍ ላይ፣ ፋሬ ሲደርስ ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ጭነቱ ወደ በቅሎና አህያ ይዛወራል፤ ቀረጡም እዚያው ይታሰባል። ወደ ላይ የሚወጣው ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ጦር መሣሪያ፣ ወደ ታች የሚወርደው የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሰው ነበር። አዎን፣ ሰው፤ ከከተማይቱ አጠገብ የነበረው የአብዱልረሱል ገበያ የታወቀው በባሪያ ሽያጭ ነበር። ስለ ጥንቱ ነጋዴ ጀግንነት ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የነጋዴው ዕውቀት የሚፈተነው በመገበያያው ላይ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን ጠገራ ብር ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ አተኩሮ ያያል፤ እንቁዎቹ የደበዘዙ ከሆነ አልፈልግም ይላል። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከተሰበረ ወይም ዝናብ ካገኘው ዋጋው ይወርዳል፤ ከጨው ምድሩ በራቀ ቁጥር ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ አንድ ብር በስንት አሞሌ እንደሚመነዘር ቀድሞ የሰማ፣ ዕቃ ሳይሸጥም ያተርፍ ነበር።

የአገሬው ነጋዴዎች ስም በጽሑፍ የቀረው ጥቂት ነው። ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሲሆን እሱም የታወቀው በንግዱ አይደለም። የንግድ ሸሪኩ ፒየር ላባቱ አንኮበር ቤትና ትዳር የነበረው መሣሪያ ነጋዴ ነበር፤ ሲራራው ሳይነሳ በ1886 እ.ኤ.አ. ሞተበት። ራምቦ 2,040 ጠመንጃ አስጭኖ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንኮበር ሲገባ ምኒልክ አልነበሩም፤ እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ፣ እሱ ካሰበው በታች ገዙት፤ ከሒሳቡም የላባቱን ዕዳ ቀነሱ። ለላባቱ አበድሬ ነበር የሚለው ሁሉ ደጁን ሞላው። ራምቦ ተናድዶ የሟቹን የማስታወሻ ደብተሮች ባልቴቷ ቤት አቃጠላቸው፤ ከመካከላቸው የንብረት ሰነድ እንደነበረበት የተነገረው በኋላ ነው። ገንዘቡን የተቀበለው ከራስ መኮንን፣ ሐረር ሄዶ ነው።

አልዩ አምባን ያቀዘቀዛት የመንገድ መዞር ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ፤ ሐረርም በ1887 እ.ኤ.አ. በእጃቸው ገባች። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ አብዛኛው ሸቀጥ በዚያ ሄደ። አርጎቦች ግን ንግዱንም ሽመናውንም አልተዉም።